አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ

ካልጋሪ ላይ ስቆም፣ ሬጃይና ስደርስ፣ ሃሊፋክስም ስገባ፣
አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ነው ሰውየው የሚያነባ።
እሱ ሰዓት አያይም፤ ሰዓት ጠባቂው እኔ ነኝ፣
ከአዳራሹ ኋላ፣ ሽቦ ጥልፍልፍ ውስጥ የወሸቁኝ።
ድምፁ ሳይሰበር በፊት ጣቴ ቀድሞ ያውቃል፤
ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ ሲቃው ኋላ ወንበር ይዘልቃል።

«የቀድሞ» የምትል ቃል ከስሙ ፊት ተሰክታ፣
ሥልጣን ያልከፈለውን ትከፍለዋለች በአንድ ማታ።
ሃልደን ፕራት፦ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር፣
የዛሬ የክብር እንግዳ፣ በጥርስ ሐኪሞች ማኅበር።
ሰማንያ ሺህ ዶላር ለአርባ ደቂቃ ትረካ፤
ውሃው ጋዝ የሌለው፣ ሎሚው በስሱ የተለካ፤
ጥያቄ ካለ በጽሑፍ፣ ተመርጦ፣ ተጣርቶ ይምጣ፤
ስለ ጦርነቱ የሚል ወረቀት ግን ከሳጥኑ አይውጣ።

መጀመሪያ ቀልዱ ነው፦ ውሻውና የአምባሳደሩ ቆብ።
ሐኪሞቹ ይስቃሉ፤ ጥርስ ነው እንግዲህ፣ አጀብ!
ከዚያ መብራቱ ደብዘዝ። «አንዲት እናት ነበረች፣
የልጇን መለዮ ይዛ ደጄ ድረስ የመጣች።
ስለ ምን ሞተ አላለችም፤ እጄን ብቻ ይዛ ቆየች።»
እዚህ ላይ ያቆማል።
አሥራ ሰባት ከአራት ሰከንድ፣ ሰዓቴ ይላል።
(ሬጃይና ላይ ዘግይቶ ነበር፤ ጉንፋን ይዞት ይሆናል።)

ትናንት ማታ፣ ሃሊፋክስ፣ ሰው ወደ ዓሣው ሲሄድ፣
ደረቱ ላይ የሰካሁለትን ማይክ ረስቶ ሲወርድ፣
ጆሮዬ ላይ ቀረ፦ ኮቴው፣ የበር ድምፅ፣ የእጅ ውሃ፣
ከዚያ ቃሉ፣ ያለ ሲቃ፣ ደረቅ እንደ በረሃ፦
«ለመሆኑ ቶቢያስ፣ ያቺ ሴት ስሟ ማን ነበረ?»
«የቷ ሴት፣ ጌታዬ?»
«የማለቅስላት።»
ጸሐፊው ስልኩን ነካካ፤ ፈለገ፤ ዝም ብሎ ቀረ።
«ተወው» አለ። «ያለ ስምም ትሠራለች።»

እኔ አውቃታለሁ። ሞራግ ተሊ ትባላለች።
ግሌስ ቤይ፣ ከቤታችን ሦስት በር ዝቅ ብላ የምትኖር፣ ልብስ የምትጠግን ነበረች።
ልጇ ኢወን በኳስ መስኮታችንን ሁለቴ ሰበረ፤
አንዱን ከፈለ፤ የሁለተኛው ዕዳ እንዳለ ዘመተ፣ ቀረ።
ደግሞ እጁን አልያዘችም። «ስለ ምን?» አለች፣ ሦስት ጊዜ፣
በዝናብ፣ ዘበኛ ክንዷን እስኪይዛት፤ ጃንጥላዋን እኔ ይዤ።

ቁልፉ ከጣቴ ሥር ነበር። ገፋ ባደርገው በትንሹ፣
ያ ቃል ከዓሣው ጋር ይቀርብ ነበር ለአዳራሹ።
አልገፋሁም።
ሽቦዬን ጠቀለልኩ፤ ፖስታዬን ተቀበልኩ፣ ሁለት መቶ አርባ፤
ደረሰኙ ላይ ፈረምኩ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ልገባ።

ንግግር ብር ነው፣ ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ ነበር፤
የእኔ ዝምታ ግን፣ ቆጥሬዋለሁ፣
ብር ነው፤ ያውም ዝርዝር።