የማትጠማ ጀልባ

ፋራፋጽ የሚሉት ለስላሳው ዛፍ አልቆ፣
ጫካው ከባሕሩ ሁለት ቀን ርቆ፣
ሶአራቮ ጠራቢው፣ የግንዱ ወዳጅ፣
መጥረቢያው ዝጎበት ተቀመጠ ከደጅ።

ከሞሮምቤ ወዲህ፣ በአሸዋው መንገድ፣
ነጭ ጀልባ መጣች፣ ያልወጣች ከግንድ፤
ወገቧ ያው ወገብ፣ ክንዷም ያንኑ ክንድ፤
ቅርጿን ከአባቱ ጀልባ ላይ የቀዷት፣
ከመስታወት ክርና ከሙጫ የሠሯት።

አንኳኳት በጣቱ። አሸተታት ቀርቦ።
«ዛፍ ዛፍ አትልም» አለ፣ ግንባሩን ሰብስቦ።
«የኔዋ ትጠማለች፣ ባሕር ትጠጣለች፣
ሁለት ቀን ከዋለች እንደ እርጉዝ ትከብዳለች፤
አሸዋ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ውላ
እኔም አብሬያት አርፋለሁ ከጥላ።
ይችኛዋ አትጠማም።
ታዲያ መቼ ልረፍ?»

ሳቀች ምራቱ ቮላሶዋ፣ መረቡን እየጠቀመች፦
«ዓሣው መቼ አረፈ? ከአለቱ ወዲያ ሸሸ፤
እስክትደርቅልህ ስትጠብቅ ቀኑ መሸ።»

ዝም አለ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ መንደር እንደተኛ፣
አሸዋው ሲፋቅ ሰማን፣ ሳሉንም፣ እኛ።
ጎሕ ሲቀድ ከአለቱ ማዶ ነጥብ ታየች፣
ሸራዋ የዱቄት ጆንያ፣ ነፋስ የጠገበች።

አሮጌዋ ግን ከዳር፣ አሸዋ ላይ ወጥታ፣
ተሰነጣጠቀች፣ የሚያጠጣት አጥታ።