ተከራዩ

የኋላ ክፍሌን፣ ሐይቅ ከተማ፣ ያከራየሁት ለሚስተር ቫርጌስ፣
ሒሳብ ሊያስተምር ነው የመጣው፣ ከህንድ አገር ድረስ፤
ሻንጣው አንድ፣ ጃንጥላው ሁለት፣
አንገቱ ላይ አቅራቢ መነጽር የተንጠለጠለበት።

በመጀመሪያው ሌት ጅብ ከጓሮ ሲስቅ
በሬን አንኳኩቶ፣ "ማነው?" አለኝ ሲጨነቅ፤
"ጎረቤት ነው" አልኩት፣ "ግባና ተኛ፣
አጥንት ፍለጋ ነው፣ ምን አለው ከእኛ?"
በማግስቱ ሌሊት ራሱ ጠበቀው፣
ስንቴ እንደሚስቅ በደብተር ሊጽፈው።

ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ደንገሉን ተጠግቶ
እንደ አጥር እንጨት ይቆማል፣ መነጽሩን ሰክቶ።
ከተማው አወራ፦ "ወርቅ ነው የሚሻው"፣
"ኧረ ሰላይ ነው"፣ "ሐይቁን ነው የሚለካው"።
እኔም ጠረጠርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ፤
ክፍሉን ስጠርግ ደብተሩን ገልጫለሁ፤
ሥዕልና ቁጥር ነው፣ እግርና ምንቃር፣
አንዲት ላባ ብቻ፣ ሰባቴ ስትሞከር።

አንድ ቀን ጠየቀኝ፣ ጣቱን ቀስሮ ወደ ዋርካው፦
"ያቺ ማን ትባላለች?"
"ወፍ" ስለው ጻፈው።
"ያችኛዋስ?"
"ወፍ።"
"ያ ጥቁሩ፣ እግረ ቀዩ፣ ከውኃው አፋፍ?"
"እሱም ወፍ።"
ብዕሩን አነሣ። አየኝ።
እንደ ሰነፍ ተማሪው አልተቆጣኝም፣ ሳቀ ብቻ፤
እኔው ነኝ ያፈርኩት፣ አርባ ዓመት ኖሬ ከዚህ ውኃ ዳርቻ።

ከዚያ ራቢያን ሰጠሁት፣ ትንሿን ልጄን፣
"ይመር ዘንድ ውሰጂው፣ ያውቃል እያንዳንዷን።"
ይመር ዓሣ አስጋሪ ነው፣ ሰው አያናግርም፣
ለወፍ ግን ስም አለው፣ ስድብም ቢሆን ስም፦
"ይቺ ቆማ ቀር ናት፣ ባሏ የተዋት፣
ያ ደግሞ ቃልቻ፣ ነጭ ሻሽ ያለበት፣
ያ ጠልቆ የሚቀረው፣ ዕዳ የሸሸ ነጋዴ ነው።
ሳቢሳና ይብራ? እነሱን ተዋቸው፣
ያባታቸው ስም አለ፣ እኔ አልሰየምኳቸው።"

ወፍ እየቆጠረ ሰውም ለመደ ቀስ በቀስ፤
ሰላምታችንን በሰዓት ለካው፣ "ግባ" እስክንባል ድረስ፦
እንዴት አደርክ? ልጆች? ከብቱ? ዝናቡ? ጉልበቱ?
ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ገና ሳይነካ ምክንያቱ።
ገበያ ላይ ገብሬ "ወላሂ" ብሎ ሲምል፣
ሙሄ ደግሞ "በማርያም" ሲል፣
"የቱ ነው የቱ?" አለኝ።
"ተዋቸው፣ ዋጋ ላይ ናቸው" አልኩ፣
"አሥር ብር እስኪቀንስ ማንም ይጠራል።"
በጣቱ ሲጎርስ ዓይቼ ገርሞኝ ብጠይቀው፣
"እኛም ቤት" አለኝ፣ "ምግብን በጣት ነው የምናውቀው።"

አንድ ጥቅምት ጠዋት፣ ከጓሮው ጎመን ላይ
ዘውድ የጫነች ወፍ መሬት ስትቆፍር ሲያይ
ጫማውን ሳያጠልቅ ወጣ፣ ደነገጠ፣
"ይቺን አውቃታለሁ" ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤
"ከእናቴ ጕድጓድ ዳር፣ ከኮኮናቱ ሥር
እንዲህ ነው ስትቆፍር፣ እንዲህ ስታቀረቅር።"
ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፣ አባቴ የነገረኝ፦
"ሁድሁድ ናት" አልኩት፣ "የሱለይማን መልክተኛ፣
ከሳባ ምድር ወሬ ይዛ የገባች።"
ጻፈ።
ከእኔ አፍ የወጣ ስም ጻፈ፣ ሁለቴም አሰመረበት።

ሦስት ዓመት ኖሮ ሄደ።
አንዱን ጃንጥላ ተወልኝ።

ራቢያ ዛሬ ጅዳ ናት፣ የሰው ቤት።
አርብ አርብ ትደውላለች፤ ስለ እመቤቷ አታወራም፣
እኔም አልጠይቃትም።
ባለፈው ግን ድምፅዋ ተጣደፈ፦
"እማ፣ ከግቢው ሣር ላይ፣ ያቺ ዘውድ ያላት፣ የምትቆፍረው..."
"ክንፏስ?" አልኳት።
"ጥቁርና ነጭ።"
"ስንቴ አቀረቀረች?"
ዝም አለች። ስትቆጥር ይሰማኛል፣
ከማላውቀው አገር ነፋስ ጋራ፣
አንድ፣ ሁለት፣
እኔም ከዚህ
እርሳስ ፍለጋ ተነሣሁ።