ባለ ኮከቡ ሳጥን

ሄርማታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ፣
ዙልፋ ቅጽ ትሠራለች፣ ሳጥን በማውስ ጎትታ፣
ካርድ ክፍሉን ከፋርማሲው፣ በቀስት አጋብታ።

ስም፤ የአባት ስም፤ የአያት፤ ጎናቸው ቀይ ኮከብ፣
ካልሞሉት የማያሳልፍ፣ እንደ ሆስፒታሉ ዘብ።

ማታ መዝገቡን ብትከፍት፣ አየች አንድ ነገር፦
የአርባ ሦስት ሕፃናት አያት፣
ነጥብ።
ነጥብ ብቻ፣ ያለ ስም ያለ አገር።

ደወለች ለጋሽ ሸምሱ።
«እናትየዋ ካላወቀች፣ ልጁ በትኩሳት ሲነድ፣
ሳጥንሽ እምቢ ካለኝ፣
መልሼ ወደ ቦዬ ልስደድ?
ነጥብ ጣልኩበት፤ አለፈ። ነጥብም ለቸገረው ዘመድ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዝናቡ ግን አላባራም።
ኮከቡን በአንድ ጠቅታ አነሳች፤ ከሰማይ አንድም አልጎደለም።
ነጥቦቹን ልታጠፋ ግን፣
እጇ አልታዘዘም።