የስም ክስ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከዋርካው ጥላ በታች፣
ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ አንዲት ሴትዮ መጣች።
አትጠገብ ነው ስሟ፤ ማሯም በስሟ ይጠራል፣
ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ አባይን ይሻገራል።
የንግድ ምልክቷን ወረቀት፣ ከነክብ ማኅተሙ፣
በላስቲክ ጠቅልላዋለች፣ እንዳይነካው ዝናሙ።

"ምንሽ ነው የጠፋው?" አልኋት፤ "ቀፎ ነው ወይስ ገንዘብ?"
"ስሜ" አለች፤ ስልኳን ሰጠችኝ፤ "ጻፍበት፣ በል፣ አትጠገብ።"
ጻፍሁበት። ብቅ አለ ከላይ፣ ከእሷ ከራሷ ቀድሞ፣
"የስማቸው ማር፣ ባሕር ዳር"፣ ከበር ላይ እንደ ዘብ ቁሞ።
ከጎኑ በደቃቅ ፊደል "ማስታወቂያ" የሚል አለ፤
ትንኝ መስሎኝ በጣቴ ጠረግሁት፤ አልተነቀለ።
እሷስ? ወረድ ብላ፣ አራተኛ።

አንድ የማርቆስ ሰው ለሠርግ ጠጅ ሁለት ጣሳ አዝዞ፣
"ስኳር ሸጥሽልኝ!" ብሎ ደወለ፣ ቁጣውን ይዞ።
ባልሸጠችው ማር ሰደባት፤
ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት።

ስማቸው ዘንድ ሄዳ ነበር። "በማሰሮዬ" አላት "አልጻፍሁም፣
ስምሽን በአፌም አላነሣሁ፣ ነኝም ብዬ አልዋሸሁም፤
ሰው ሲጠራሽ ግን 'አቤት' አልሁ፤ ቦታው በጨረታ ነው፣
ጨረታ ያሸነፈ ሰው ደግሞ ምን ወንጀል አለው?"

ጠቅ በተባለ ቁጥር ይከፍላል የስሟን ኪራይ፣
ለእሷ አይደለም፤ ለማታውቀው፣ ከባሕር ማዶ ላለ አከራይ።

"ከሱ በላይ ከፍለሽ ግዢው" አላት የእህቷ ልጅ ጌትነት።
"እናቴ በነጻ የሰጠችኝን?
በስተርጅና? በደረሰኝ? ከነተጨማሪ እሴት?"

ክሱን ስጽፍ እጄ ሳተ፤ "ስሜን" ያልሁት "ሰሜን" ሆነና፣
ደመላሽ ከመዝገብ ቤት ሳቀብኝ፣ ወረቀቴን ያዘና፤
"አቅጣጫ ይሰረቃል እንዴ? ወይስ ሰም ነው? ወይስ ሰፈፍ?
አርመህ ና፣ ሰው ሳይሰለፍ።"

ላርመው ብዬ እስክሪብቶዬን አነሣሁና ተውሁት፤
ወደ እሷ ቤት የተነሣውን ሰው፣ ሰሜኑን ነው የወሰዱበት።

ቀጠሮው ለኅዳር ሆነ። ማታ እቤቴ፣ ለነገሩ፣
"ስማቸው ማር" ብዬ ፈለግሁ፣ የት እንደሆነ በሩ።
ከሁሉ በላይ፣ ከዚያችው ትንኝ ፊደል አጠገብ፣
ወርቅ ሳይቀባ፣ ኮራ ብሎ፣
ማን ቢቆም ጥሩ ነው? አትጠገብ።