ኔ

ሹክሩ እባላለሁ፤ አገሬ ኤዲርኔ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጬ እኔ
ነጭ ሽንኩርት ሳመላልስ ከድንበር ድንበር፣
አይቼ አላውቅም እንደዚያ መኸር።

ወንዙ አንድ ውሃ ነው፤ ስሙ ግን ሦስት ነው፤
እኛ መሪች ስንል፣ ግሪኩ ኤቭሮስ ሲለው፣
ቡልጋሮች ማሪጻ ብለው ይጠሩታል፤
እሱ ግድ የለውም፣ ለሁሉም ይፈሳል።
እኔ የማወራው የወንዙን ግልባጭ ነው፣
አንድ ስም ሆኖ ሳለ ሦስት ውሃ የቀዳው።
አጭር ነው፤ ትንፋሽ ነው፤ ጉሮሮ አይከብድም፤
ምላስ ጥርስ ነክቶ ሲመለስ አይቆይም።

ገበሬ ነው ስታማቲስ፣ ዲኬያ ነው ቤቱ፤
አራት ዓመት ሆናት አፈር ከገባች ሚስቱ።
ማታ አንድ ሰሃን፣ አንድ ማንኪያ ያጥባል፤
ሬድዮ ከፍቶ ይተኛል፤ ዝምታ ይፈራል።

ዝላትካ ከማዶ፣ ከስቪሌንግራድ መጥታ
ነጭ ሽንኩርት ትጎነጉናለች ከጧት እስከ ማታ፤
ሃያ ራስ በአንድ ጉንጉን፣ እንደ ሙሽራ ሹሩባ፤
ጣቷ ተሰነጣጥቆ ሽታው ቆዳዋ ውስጥ ገባ።
ግሪክኛዋ ጥቂት ነው፦ ስንት፣ ነገ፣ ውሃ፤
የእሱ ቡልጋሪኛ ደግሞ ከእሷም የባሰ ድሃ።

የመጨረሻው ጉንጉን ሚስማር ላይ ሲሰቀል፣
ኮፍያውን እያሽከረከረ፣ ልቡ ሲንጠለጠል፣
«ክረምቱ ይረዝማል» አላት፤ «ቤቱም ለአንድ ይሰፋል፤
ትቀሪያለሽ ከእኔ ጋር? ምድጃው ለሁለት ይበቃል።»

«ኔ» አለችው።
          ራሷንም ነቀነቀች፣
ከላይ ወደ ታች፣ ሁለቴ፤
          ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

አሁን ልብ በሉ! በእሷ አገር ልማድ
«ኔ» ማለት እምቢ ነው፤ ራስም ሲወርድ፣ ሲሰግድ፣
እሱም እምቢታ ነው። አፍና አንገት ተባብረው
«አይሆንም» ነው ያሉት።
በእሱ አገር ግን «ኔ» እሺ ነው፤
ራስ ዝቅ ሲልም እሺ። ሁለት ምስክር ቆመ፤
ያልተባለ እሺታ በሽማግሌ ጆሮ ታተመ።

እሷ ድልድዩን ተሻግራ ወደ አገሯ ስትገባ
እሱ ጓዳውን ጠርጎ ግድግዳ ኖራ ቀባ፤
ሁለተኛ ትራስ ገዛ፣ ብርድ ልብስ፣ ደግሞ ገበታ፤
የሟችን ፎቶ አወረደ፣ መልሶ ሰቀለ በቀስታ።

ማክሰኞ ዝላትካ መጣች፣ የቀረ ደሞዟን ልትቀበል።
በሩ ላይ ቆመች፤ ኖራው ገና ይሸታል።
ትራሶቹን አየች፤ ሁለቱን፣ ጎን ለጎን።
እኔም በዚያው ሰዓት ሂሳብ ላወራርድ
ስገባ አገኘኋቸው፤ እሱ ሲስቅ፣ እሷ ስትነድ።

«ኔ?» አልኩ ሳላስበው።
በእኛ ቋንቋ «ምን?» ነው፤
ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ? ሌላ ትርጉም የለው።
እሱ እሺ ያልኩ መስሎት አንገቴን አቀፈኝ፤
እሷ እምቢ ያልኩ መስሏት «ተባረክ» አለችኝ።

ሦስቱም ገበያ ላይ ከስሬ ስለማውቅ
ነገሩ ገባኝና አፌን ያዝኩ፣ እንዳልስቅ።
ነገርኳቸው በእጄ፣ በቋንቋ ስብርባሪ፦
የእሱ «ኔ» የጥንት ዘር ነው፣ የመሐላ ተባባሪ፤
የእሷ «ኔ» ከሰሜን ወርዶ የእምቢታ አጥር ጠባቂ፤
የእኔው ከሩቅ ሜዳ በፈረስ የመጣ ጠያቂ።
(ይህን ያወራኝ አንድ መምህር ነው፣
ጎማ ስቀይር ዝናብ ላይ የረዳኝ።)
ዝምድና የላቸውም፤ መልክ ብቻ መመሳሰል፤
እንደ ሦስት መንገደኛ በአንድ ኮት መጠለል።

ሽማግሌው ሰማ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።
የብርድ ልብሱን ጠርዝ አጠፈ፣ ገለጠ።
ዝላትካ ገንዘቧን ቆጠረች፤ ጎደለ አላለችም።
እስከ በሩ ሄደች። ግን አልወጣችም።
«ትራሱ... ስንት?» አለች። ይህችን ቃል ታውቃለች።
ዋጋውን ሲነግራት በአገሯ ቋንቋ ነጋዴውን ተሳደበች።

ከዚያም ወደ እሱ ዞራ፣ በዝግታ፣ «ኔ» አለች፤
ራሷን ግን ወደ ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ቃሉ የማን አገር፣ አንገቱስ የማን እንደሆነ
አልጠየቅኩም።
ጭነቴን አስሬ ወደ ኬላው ነዳሁ፣
መሪችን ወይ ኤቭሮስን በጨለማ እያየሁ።

ባትሪውን አበራ ፈታሹ በዓይኔ፣
ሸራውን በዱላ መታና ጠየቀኝ፦ «ኔ?»
«ነጭ ሽንኩርት» አልኩት።

ቤቴ ገብቼ አንድ ሰሃን አጠብኩ።
ሬድዮ ከፈትኩ።