እግር በዛ

ብራንደን፣ ማኒቶባ። ዓርብ፣ ወደ ማታ፣
ሱቁን ልዘጋ ስል ሚርና ገባች፣ በሩን በክርኗ ገፍታ፤
ኮፍያዋ ላይ በረዶ፣ ጓንቷ ጥርሷ ላይ፣
ከኋላዋ ወንድሟ ኦረስት፣ ጥቁር ሣጥን አቅፎ፣ ዝም ያለ እንደ ሰማይ።

«የማይክ ማቆሚያ» አለችኝ፣ «ቁጭ ብሎ ለሚዘፍን፣
እጅም እግርም ለሌለው።»
ቀና ብዬ አየኋት፤
እጅም አላት፣ እግርም አላት።

ግራ መጋባቴ ገባት። ሣጥኑን ከፈተች፣
አራት የብረት ቅልጥም እያሽከረከረች ገጠመች፣
ፔዳል ስቲል ጊታሯን ምንጣፌ ላይ አቆመች።
«እየው» አለች።
ግራ እጇ ብረት ይዞ በዐሥሩ ክር ላይ ይንሸራተታል፣
ቀኙ የብረት ጥፍር አጥልቆ ይቆነጥራል፣
ግራ እግሯ መርገጫ ይመርጣል፣ ቀኝ እግሯ ድምፁን ያሳብጣል፣
ጉልበቷ እንኳ አያርፍም፣ ግራና ቀኝ ማንሻ ይገፋል።
ከዚህ ሁሉ አካል ሥራ ፈት አፏ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፤
ዘፋኙ ኦረስት ነበራ፣ በሠርጉ፣ በአዳራሹ፣ በአጨዳው በዓል ሁሉ።

አሁን አንገቱ ላይ ሻርፕ አለ፤ ከሻርፑ ሥር የሐኪም ጠባሳ።
እኔ አልጠየቅሁም፤ ወሬውን ማንም አላነሣ።

መጀመሪያ ባለ ሦስት እግሩ፣ ርካሹ፣ ሁሉ የሚገዛው፤
አንዱ እግር መርገጫው ሥር ገባ፣ አንዱ ወንበሯን ነካው፣
ሦስተኛው እኔን ጠለፈኝ።
ቆጠርኩ፦ የጊታሩ አራት፣ የወንበሩ አራት፣ የማቆሚያው ሦስት፣ የሷ ሁለት፤
ዐሥራ ሦስት እግር ባንድ ምንጣፍ! ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ በረት?

ሁለተኛው ባለ ክብ መቀመጫ፤ ከባድ፣ ቀጥ ያለ፣ ኩሩ፤
ከጊታሩ ማዶ ቆሞ ቀረ። ልትደርስበት ስትንጠራራ
ብረቱ ከእጇ አመለጠ፣ ጊታሩ እንደ ወይፈን አጓራ።

ሦስተኛው ባለ ክንዱ፣
ከሁሉም ውዱ።
ዘፈኑ መሐል ላይ፣ እንቅልፍ እንደ ጣለው ዘበኛ፣
ክንዱ ቀስ እያለ ወረደ፤ እሷም ተከተለችው፣ ጎንበስ፣ ጎንበስ፣
አገጯ ክሩን እስኪነካ ድረስ።
ሳቅን። ኦረስትም ሳቀ፤ ትከሻው ብቻ፣ ያለ ድምፅ።

«ራስ ላይ የሚታሰረውስ?» አልኳት፣ ሽያጩ እንዳያመልጠኝ።
«አብራሪ መሰልኩህ?» ብላ ገላመጠችኝ።

ያኔ ኦረስት ካፖርቱን አወለቀ።
ባለ ክንዱን አንሥቶ ከኋላዋ ወሰደ፣
በግራ ትከሻዋ ላይ አሻገረው፣
ብሎኑን በሳንቲም አጠበቀው፤
ማይኩን ግን አፏ ፊት አላደረገም፤ አራት ጣት ያህል ወደ ግራ፣
ማንም በሌለበት አየር ላይ ተከለው።
«ራቀ እኮ» አልኩ። ጣቱን አነሣብኝ፦ ቆይ።

ሚርና ጀመረች። ድምፅዋ ሻካራ፣ የዛገ ማጠፊያ።
ዜማው ወደሚወጣበት ስትደርስ ግራ ጉልበቷ ማንሻውን ገፋ፣
ጉልበቷ ሲገፋ ወገቧ ዞረ፣ ወገቧ ሲዞር አንገቷ፣
አንገቷ ሲያዘነብል ፊቷ፤
አፏም ሄዶ ሄዶ ማይኩን አገኘው፣
ቀድሞ ደርሶ ሲጠብቀው።
ለካ ሰውየው አጠገቧ ሲዘፍን ኖሮ፣ በጎን ዓይኑ ያያት ኖሯል፤
አፏ ያለበትን ሳይሆን የሚሄድበትን ያውቃል።

አማረባት? አልልም። ሁለቴ ዜማው ሸሻት፣
አንዴ ግጥሙ ጠፋት፤
ኦረስት ከፊቷ ዞሮ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ ቃሉን አቀበላት።

ቅናሽ በጣቱ ጠየቀኝ፦ ሦስት። በጣቴ መለስኩለት፦ ሁለት።
መጋጠሚያው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠመጠመበት፣
ልኩ እንዳይጠፋበት።

ከሄዱ በኋላ ባለ ክቡን ቦታው መለስኩ፣
ባለ ሦስት እግሩን አጣጠፍኩ።
ምንጣፉ ላይ የጊታሩ አራት ጉድጓድ፣ የወንበሩ አራት፣
ከኋላ የማቆሚያው ሦስት፣
ከዚያም አጠገብ፣ በቀለጠ በረዶ የራሱ፣
ሁለት ትላልቅ የጫማ ዱካ።
መብራቱን ሳላጠፋ ቆሜ
እንደገና ቆጠርኩ።