ሮዟ ቅጂ

ነጩ ለፍርድ ቤት፣ ቢጫው ለፖሊሱ፣
ሮዟ ለአጥፊው ናት፣ ታጥፋ ለኪሱ።
ሃያ ስድስት ዓመት ሦስቱን ስነጥል
ካርቦኑ ጣቴ ላይ ቀረ እንደ ቁስል።

ዳኮታ ሰፊ ናት፣ ሰዉ እፍኝ አይሞላ፤
ስንዴ፣ ሱፍ አበባ፣ ነፋስ... ከዚያ ሌላ
አንድ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዳሩ የማይታይ፣
እግርን የሚያስረሳ ነዳጅ መስጫው ላይ።

ዳኛዋ ካንድ መቶ ማይል ማዶ ናቸው፤
በወር አንድ ሐሙስ ነው የችሎት ቀናቸው።
በረዶ ከጣለ እሱም ይሰረዛል፤
ክሱ መሳቢያ ውስጥ እንደ ድብ ያንቀላፋል።
የቀረው ቀን ሁሉ እኔ ነኝ፦ ምድር ቤት፣
የሚያስል ማሞቂያ፣ ማህተም፣ መስኮት፣
መስኮቱ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ደወል፣
«ጸሐፊ ከሌለች ይደውሉ» የሚል።

ቅጹ ታች ባዶ ቦታ አለ፦ «ምክንያትዎን ያስረዱ»።
ስንቱን አነበብኩ!
«ላሜ ልትወልድ ነበር፣ ጥጃው በእግሩ መጥቶ።»
«የበረዶ ዶፍ ከኋላዬ፣ ያልታጨደ ስንዴ ከፊቴ።»
«ፍጥነት መለኪያዬ ከሞተ ሦስት ዓመቱ፤ ሙት አይመሰክርም።»
አንዱ ደግሞ በእርሳስ፦ «ራዲዮው ጥሩ ዘፈን ያዘ።»
(ዳኛዋ አሥር ዶላር ቀነሱለት። መዝገቡ ላይ አለ።)

ጎረቤት ነውና ሁሉም ይለምናል፦
«ኦርዲስ፣ አንድ ወረቀት ቢጠፋ ማን ይጠይቅሻል?»
እንቁላሉን መለስኩ፣ ኬኩን መለስኩ፤
ኬኩን ቀምሼ ነው፣ ልዋሽ አልፈልግም።

ሽማግሌው ኤምረት፣ የኋላ መብራት ጠፍቶ የተከሰሰ፣
ሃያ ዶላር ቅጣት ሁሉንም በሳንቲም አፈሰሰ፦
«በፍርድ ከሄደች ትራክተሬ፣
ያለ ፍርድ የሄደች ሃያ ዶላሬ
እሷ ናት የምታንገበግበኝ!»
«በፍርድ ነው የሄደችው» አልኩት። ደረሰኙን መታሁ።

መደርደሪያው ላይ ሙታንም አሉ።
ጌርሃርት ዋንጌሪን፣ ያለ መንጃ ፈቃድ፣ ሰባ ስምንት፤
የመያዣ ትእዛዙ ዛሬም ይፈልገዋል።
መቃብሩን አውቀዋለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሦስተኛው ረድፍ፤
ግን የሞት ወረቀት ያመጣ የለም፣
ሕግ ደግሞ ሐውልት አያነብም።

ከዚያ ኅዳር ላይ፣ ማክሰኞ ሌሊት፣
የኋላ መስታወቴን ሞላው ሰማያዊ መብራት።
ምክትል ሸሪፉ ሊላንድ፣ የእህቴ ልጅ፣
ሽንት ጨርቁን የቀየርኩለት በዚሁ እጅ።
«አክስቴ፣ ሰማንያ አንድ» አለ፣ ድምፁ ሰለለ፤
«የተፈቀደው ሃምሳ አምስት...» ብሎ ቀጠለ።
ጠበቀኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ ይቀደዳል።
ዝም አልኩ።
ብዕሩ በብርዱ አልጽፍ ቢለው
በእስትንፋሱ አሞቀው።

በማግስቱ ከፖስታው ውስጥ ወጣሁ፦ ኦርዲስ ክቪስታድ።
ቁጥር ሰጠኋት፣ ፋይል ከፈትኩላት።
ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤
ከመሳቢያው ጀርባ አራት ጣት የሚያሾልክ ክፍተት አለ።
«ምክንያትዎን ያስረዱ» ሲል ብዕሬ ቆመ።
ምክንያት ነበረኝ። ስልክ ተደውሎልኝ ነበር፤
ደርሼም አልደረስኩም።
ባዶውን ተውኩት።

ሐሙስ፦ «ተከሳሿ ቀርባለች?» «አዎን፣ ክብርት ዳኛ።»
«የታለች?» «ይችው።» ወረደ መነጽራቸው ወደ እኛ፣
ወደ ጸሐፊዋና ወደ እኔ።
«ጥፋተኛ ነሽ?» «ነኝ።»
ቃለ ጉባኤው ላይም ጻፍኩት፦ ነኝ አለች።

ሰው ሲበተን መቶ አርባ ዶላሬን ቆጥሬ
ገባሁ በዋናው በር፣ በውጭ በኩል ዞሬ።
መስኮቱን ከዚህ ወገን አይቼው አላውቅም፦
መስታወቱ ላይ የስንት ግንባር ወዝ፣
ጠርዙ በክርን ተልጎ፣
ከውስጥ ወንበሬ ባዶ፣ ሹራቤ ተንጠልጥሎበት።

ደወሉን መታሁ።
ጠበቅሁ።